እርቅና ሒሳብ፦ የቤተሰብ ንግድ ባለቤቶች ጠባቸውን እንዴት ፈቱት?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው ተገልብጦ በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬውን ርእስ ያገኘሁት ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አባቴና ታላቅ ወንድሙ መርካቶ ውስጥ አንድ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። የመነሻውን ገንዘብ ያመጣው አጎቴ ነው፤ ከማለዳ እስከ ማታ ሱቁ ውስጥ የሚቆመው፣ ጣቃውን የሚለካው፣ ደንበኛውን በስሙ የሚጠራው አባቴ ነበር። ድርሻው ስንት እንደሆነ፣ ደመወዝ ይኑረው አይኑረው፣ ከትርፍ የተገዛው መጋዘን የማን እንደሆነ አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ወንድማማቾች ናቸውና መነጋገሩ ነውር መሰላቸው። በመጨረሻ ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ ሽማግሌዎችም ተቀመጡ። በሦስተኛው ቅዳሜ አባቴ ተነሥቶ የታላቁን ጉልበት ሳመ፤ አጎቴም አቅፎ አነሣው፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ፤ ቡና ተፈላ፤ እልልታው እስከ ጎረቤት ተሰማ። የሒሳብ መዝገቡ ግን ከካዝናው አልወጣም። ዓመት ሳይሞላው ሱቁ በጣውላ ግድግዳ ለሁለት ተከፈለ።

ታሪክ ማጥናት ከጀመርሁ በኋላ ያ የጣውላ ግድግዳ በሌላ አገር፣ በሌላ ዘመን እየተደጋገመ አጋጠመኝ። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በቤተሰብ ንግድ ውስጥ የሚነሣ ጠብ በአንድ ስም የሚጠራ ሁለት ጠብ ነው። አንደኛው የልብ ጠብ ነው፤ ማን ተናቀ፣ ማን ተረሳ፣ ወላጅ ለማን አደላ የሚለው። ሁለተኛው የሒሳብ ጠብ ነው፤ የማን ድርሻ ስንት ነው፣ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው፣ የሚወጣ ሰው ምን ይዞ ይወጣል የሚለው። እርቅ የልቡን ጠብ ሊያበርድ ይችላል፤ ሒሳቡን ግን አይሠራም። ክፍፍልም ሒሳቡን ሊዘጋ ይችላል፤ ልቡን ግን አይጠግንም። ዘልቀው የቆዩት ቤቶች ሁለቱን ለይተው በየራሳቸው መንገድ የፈቱት ናቸው።

ይህን በሦስት ቤተሰቦች ታሪክ ልፈትነው እሞክራለሁ፤ አንዱ ከጀርመን፣ አንዱ ከሕንድ፣ አንዱ ከጃፓን ነው። የመረጥኋቸው ጠባቸው በአደባባይ የታወቀ፣ ፍጻሜውም የታየ በመሆኑ ነው። የውጭውን ታሪክ ስጠቅስ ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስጠቅስ በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ወንዝ የለያቸው ወንድማማቾች

በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ግዛት፣ ሄርትዞገናውራህ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ መካከሏን አውራህ የተባለ ወንዝ ያቋርጣታል። ሩዶልፍ ዳስለር በ1898፣ ታናሹ አዶልፍ በ1900 የተወለዱት በዚህች ከተማ ነው። ቤተሰቡ አዶልፍን «አዲ» ብሎ ይጠራው ነበር። አዲ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ በእናቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ጫማ መስፋት ጀመረ፤ ሩዶልፍም ተጨመረበትና በ1924 የዳስለር ወንድማማቾች የጫማ ፋብሪካ ተመዘገበ። ጠባያቸው የተለያየ ነበር፤ አዲ ዝምተኛ የእጅ ባለሙያ፣ ሩዶልፍ አንደበተ ርቱዕ ሻጭ። ይህ ልዩነት መጀመሪያ ላይ ሀብታቸው ሆነ። በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ ጄሲ ኦወንስ አራት የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኝ የእነርሱን ጫማ አድርጎ ሮጧል።

ሁለቱም በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነው ነበር፤ ጦርነቱም ወደ ቤታቸው ገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በአንድ ቤት ይኖሩ ስለነበር የፋብሪካው ቅሬታ ከማዕድ፣ የማዕዱ ቅሬታ ከፋብሪካ አይለይም ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ አሜሪካውያን ሩዶልፍን አስረው አንድ ዓመት ያህል አቆዩት፤ እርሱም ያስያዘኝ ወንድሜ ነው ብሎ አመነ። አዲ በተራው ስለ ናዚ አባልነቱ ሲመረመር ሩዶልፍ የሚጎዳውን ቃል ሰጠበት። ከዚህ በኋላ የሚያስታርቅ ሰው ሊገኝ ይችል የነበረው ከቤተሰቡ ውስጥ ነበር። ነገር ግን እናቲቱ ከሩዶልፍ፣ እኅታቸው ከአዲ ጎን ቆሙ። ለአስታራቂነት የሚበቁት ሁሉ ወገን ለይተው ነበርና መካከል ላይ የሚቀመጥ ጠፋ።

በ1948 ንብረቱንና ማሽኖቹን ተከፋፈሉ፤ ሠራተኞቹም ከማን ጋር እንደሚሄዱ እንዲመርጡ ተደረገ። ከጫማ ሠሪዎቹ የሚበዙት ከአዲ ጋር ቀሩ፤ ከሽያጩ ክፍል የሚበዙት ሩዶልፍን ተከትለው ከወንዙ ማዶ ተሻገሩ። አዲ ከስሙና ከአባቱ ስም ቆርጦ «አዲዳስ» አለ፤ ሩዶልፍ መጀመሪያ «ሩዳ» ብሎ በኋላ «ፑማ» አለው።

እንግዲህ ይህ ክፍፍል ውድቀት ነው ልንል እንችላለን? እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። በንግድ ዓይን ካየነው ከአንድ የጠበኞች ፋብሪካ ሁለት የዓለም ኩባንያዎች ወጥተዋል። መለያየት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ሐቀኛው መፍትሔ እርሱ ነው። የልቡ ጠብ ግን ከነሕይወቱ ቀረ። የከተማዋ ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ ሰዎች ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት የሌላውን ጫማ ጎንበስ ብለው ስለሚያዩ ከተማዋ «አንገታቸውን የደፉ ሰዎች ከተማ» የሚል ቅጽል ወጣላት። ሩዶልፍ በ1974፣ አዲ በ1978 ሲሞቱ በአንድ መካነ መቃብር ተቀበሩ፤ ሆኖም አንዱ በአንደኛው ጫፍ፣ ሌላው በሌላኛው ጫፍ ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች ሠራተኞች የእርቅ ምልክት ይሆን ዘንድ በአንድነት ኳስ የተጫወቱት በ2009 ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ኩባንያዎች ከዳስለር ቤተሰብ እጅ ከወጡ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ታረቁ የተባሉት ስሞቹ እንጂ ወንድማማቾቹ አልነበሩም።

የእናት ሽምግልና

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ባህል ይቀርባል፤ አስታራቂዋ እናት ናትና። የሪላያንስ መሥራች ዲሩባይ አምባኒ በ2002 ሲሞቱ ኑዛዜ አልተዉም ነበር። በሕንድ ታላላቅ ከሚባሉት የግል ድርጅቶች አንዱ ለሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ለሙኬሽና ለአኒል እጅ ወደቀ። ታላቁ ሊቀ መንበር፣ ታናሹ ምክትል ሆኑ፤ ማን በምን ላይ እንደሚወስን ግን በግልጽ የተጻፈ አልነበረም። በ2004 መጨረሻ ጠቡ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

እናታቸው ኮኪላቤን አምባኒ ነገሩን ያዙት። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ እኒህ እናት ብቻቸውን አልተቀመጡም። የልጆቹን ልብ የሚይዘው የእናትነት ሥልጣናቸው ነው፤ ለንብረቱ ግምት ግን የባንክ ባለሙያ አስጠሩ፤ በጊዜው የአይሲአይሲአይ ባንክ ኃላፊ የነበሩት ኬ. ቪ. ካማት በምክር ረዱ። በሰኔ 2005 ኮኪላቤን ልጆቻቸው መስማማታቸውን በስማቸው ባወጡት መግለጫ አስታወቁ። ሙኬሽ የነዳጅና የፔትሮኬሚካል ሥራውን፣ አኒል የቴሌኮም፣ የኤሌክትሪክና የፋይናንስ ሥራውን ወሰዱ። አንዱ በሌላው መስክ እንዳይገባም ተስማሙ።

እስከዚህ ድረስ ልብም ሒሳብም የተያዘ ይመስላል። ታዲያ ከየት ተሰነጠቀ? ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በቤተሰቡ ስምምነት መሠረት የሙኬሽ ኩባንያ ከክሪሽና ጎዳቫሪ ተፋሰስ ከሚያወጣው ጋዝ ለአኒል ኩባንያ በተወሰነ ዋጋ ለ17 ዓመት እንዲያቀርብ ተብሎ ነበር። በኋላ መንግሥት የጋዙን ዋጋ ከፍ አድርጎ ወሰነ፤ ወንድማማቾቹም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተካሰሱ። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2010 የሰጠው ውሳኔ ለርእሳችን እጅግ ጠቃሚ ነው። ጋዙ የመንግሥት ሀብት በመሆኑ ዋጋውንና አጠቃቀሙን የመወሰን ሥልጣን የመንግሥት ነው አለ፤ እናትና ልጆች በመካከላቸው የፈረሙት ሰነድም በርካታ ባለአክሲዮኖች ያሉትን ኩባንያ በራሱ ሊያስገድድ አይችልም አለ። ያ ሰነድ ለቤተሰቡ ቃል ኪዳን ነው፤ ለኩባንያው ግን ባዕድ ወረቀት ነበር።

ትምህርቱ ለሽማግሌዎችም ለጠበቆችም እኩል ይደርሳል። እርቁ ቢሠምር፣ ሒሳቡም ቢሠራ፣ ውጤቱ ድርጅቱ በሚተዳደርበት ሰነድ ውስጥ ካልገባ ነገ ሌላ ሰው ፊት ሲቀርብ አይጸናም። ይሁን እንጂ የእናቲቱ ድካም ከንቱ ነበር አልልም። ከውሳኔው በኋላ በዚያው ወር ወንድማማቾቹ አንዱ በሌላው መስክ እንዳይገባ የሚከለክለውን ስምምነት አንሥተው ሰላም አወረዱ። በ2019 ደግሞ አኒል የኩባንያቸውን ዕዳ ለስዊድኑ ኤሪክሰን ካልከፈሉ እንዲታሰሩ ተፈርዶባቸው ሳለ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ታላቅ ወንድማቸው ደረሱላቸው፤ አኒልም በይፋ አመሰገኗቸው። በዳስለር ቤት እንዲህ ያለ ቀን አልመጣም።

ጠብ ሳይነሣ የተጻፈ ሕግ

ሦስተኛው ቤተሰብ ሕጉን የጻፈው ጠቡ ከመነሣቱ በፊት ነው። ሚትሱይ ታካቶሺ የጃፓን ነጋዴ ነበር፤ በ1673 ኤዶ በምትባለው፣ የዛሬዋ ቶኪዮ በሆነችው ከተማ፣ «ኤቺጎያ» የተሰኘ የጨርቅ መደብር ከፈተ። ዋጋ ሳይከራከር፣ በዱቤ ሳይሆን በእጅ በእጅ በመሸጥ ታወቀ። በ1694 ሲሞት ብዙ ልጆች ነበሩት። ልጆቹ ንብረቱን ሳይቆራርሱ በአንድነት ሊይዙት ተስማሙ፤ በ1710 የሁሉንም መደብሮች ገንዘብ የሚቆጣጠር አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። በ1722 ደግሞ ታላቁ ልጅ ታካሂራ ለዘሮቹ ሁሉ የሚያገለግል የቤት ሕግ አጻፈ።

በሕጉ መሠረት ሀብቱ በ220 ድርሻ ተቆጠረ፤ ለታላቁ ቤት 62 ሲሰጥ የቀረው ለሌሎቹ በመጠን ተደለደለ። ድርሻው ግን ተቆርጦ የሚወሰድ አልነበረም፤ በአንድነት ከተያዘው ሀብት ለየቤቱ የሚመጣውን ጥቅም የሚለካ ነበር። ልጆች ከታች ጀምረው ሥራውን እንዲማሩ፣ ለኃላፊነት የማይበቃውም እንዲገለል አዘዘ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ወንድማማቾችን የሚያጣሉት ጥያቄዎች፣ «የእኔ ድርሻ ስንት ነው?» «ልጄ ለምን አልተሾመም?» የሚሉት፣ ገና ማንም ሳይቆጣ መልስ አግኝተዋል። በቁጣ ሰዓት የሚሠራ ሒሳብ ሁልጊዜ ያደላ ይመስላል፤ በሰላም ሰዓት የተሠራው ግን የማንም ወገን አይደለም።

ሕጉ ተአምር አልሠራም። ዕዳና አለመግባባት እየበዛ ሄዶ በ1774 የሚትሱይ ቤቶች ንግዱን ተከፋፈሉት። ነገር ግን መመለሻ መንገድ ነበራቸው፤ የእያንዳንዱ ቤት ቦታና ድርሻ ተጽፎ ነበርና በ1797 እንደገና ተዋሐዱ። በ1900 አዲስ የቤተሰብ ሕግ አወጡ፤ እርሱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ታላላቅ የቤተሰብ ድርጅቶች እስኪፈርሱ ጸና። ከሃያ ዓመት መለያየት በኋላ ተመልሶ መዋሐድ በንግድ ታሪክ ብርቅ ነው። የዳስለር ወንድማማቾች ከወንዙ የሚያሻግር ድልድይ ቢፈልጉ እንኳ ወዴት እንደሚመለሱ የሚነግር ሰነድ አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ባልፍ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል፤ የሰላሙን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? በፍራንክፈርት የሮትሽልድ ባንክ መሥራች ማየር አምሼል በ1812 ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት ባደረገው ኑዛዜ ሴቶች ልጆቹንና ባሎቻቸውን ከንግዱ ፈጽሞ አገለለ፤ መዝገቡን እንኳ እንዳይመረምሩ ከለከለ። አምስቱ ወንዶች ልጆች በአንድነት ጸኑ፤ በአምስት የአውሮፓ ከተሞችም ባንክ አቋቋሙ። ሆኖም ይህ አንድነት የተገነባው ከባለጉዳዮቹ ገሚሱን ከጉባኤው በማስወጣት ነው። እንዲህ ያለውን ሰላም ስናደንቅ ድምፃቸው ያልተሰማውንም እናስብ።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች የወላጃቸውን ውርስ እኩል እንዲካፈሉ፣ ጾታም ልዩነት እንዳያመጣ ደንግጓል። ስለዚህ ኑዛዜ ያልተወ ነጋዴ ሲሞት ሱቁ ውስጥ ያደገው ወንድ ልጅና ተድራ ሌላ ከተማ የምትኖረው እኅቱ በሕግ ፊት እኩል ናቸው። ይህ ፍትሕ ነው፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ሱቁ ውስጥ የሠራው ልጅ የድካሙ ዋጋ አስቀድሞ ካልተጻፈለት የእኅቱን ድርሻ እንደ ንጥቂያ ያየዋል፤ እርሷም የእርሱን አስተዳደር እንደ ስርቆት ታየዋለች። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም። ያጣላቸው ያልተጻፈው ነው።

ሌላም አለ። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት እንዲኖሩት ያዝ ስለነበር ብዙ ነጋዴ የሚስቱን፣ የወንድሙን ወይም የልጁን ስም ለሕጉ ማሟያ ብሎ አስገባ። በወረቀት የገባው ስም ግን ባለቤትነት ነው፤ ጠብ ሲነሣ «ለስም ነው ያስገባሁህ» የሚለው ክርክር ደካማ መሸሸጊያ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ወደ ኋላ የተጻፉት ስሞች ግን ዛሬም በየመዝገቡ አሉ።

ለምንድን ነው ይህን አሁን የምናገረው? በደርግ ዘመን ታላላቅ የግል ድርጅቶች በመወረሳቸው፣ የግል ንግድም በመጥበቡ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ ትልቅ ንግድ በአገራችን ጥቂት ነው። ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ የቤተሰብ ድርጅቶች ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የተመሠረቱ ናቸው። በ1984 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት የሞላው መሥራች ዛሬ ስድሳውን አልፏል። ቁልፉን የሚያስረክብበት ጊዜ ደርሷል፤ ብዙዎቹም ለማስረከብ ሲዘጋጁ የዲሩባይ አምባኒን መንገድ ይዘው፣ ስለ ሞት መናገር ሟርት እየመሰላቸው፣ ዝም ብለዋል።

ሽምግልናችንን የማናንቅበት ምክንያት አለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ስለ ግልግልና ስለ እርቅ ደንግጎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣውም የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር አዋጅ ለጉዳዩ አዲስ ሥርዓት አበጅቶለታል። ሽማግሌ ፍርድ ቤት የማይደርስበትን ልብ ይደርስበታል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከመካከላቸው ሒሳብ አዋቂ ያስቀምጡ፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ከመባሉ በፊት መዝገቡ ይገለጥ፤ የተስማሙበትም ተጽፎ በማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይግባ። ይህን ማድረግ የሽማግሌን ክብር አይቀንስም፤ ቃሉን ያጸናለታል እንጂ።

ባነሣሁት ታሪክ ልዝጋ። አባቴና አጎቴ በለቅሶ ቤት ብቻ እየተገናኙ ኖረው ሁለቱም አረፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአጎቴ ልጅ ያን አሮጌ መዝገብ በላስቲክ ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። ሁለት ምሽት ተቀምጠን ገቢውን፣ ወጪውን፣ ዱቤውን፣ አባቴ ያልተከፈለውን የድካም ዋጋ ጭምር ደመርን፣ ቀነስን። አባቴ ይገባኛል ሲል ከኖረው እጅግ ያነሰ፣ አጎቴ የለበትም ሲል ከኖረው ደግሞ የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ በዘመኑ በሁለት ዓመት ትርፍ ተከፍሎ ሊያልቅ ይችል ነበር። የአጎቴ ልጅ መዝገቡን ዘግቶ «ይኼንን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ቡናው ግን ቀርቦ ነበርና አብረን ጠጣን።

 አሁን ጥያቄና አስተያየታችሁን እቀበላለሁ።